አስካለ ቤት ያየችበት ልቅሶ

ስሚኝ የወንድሜ ልጅ፣ እኛ ጦሩ ውስጥ በነበርንበት ጊዜ ወታደር ቤት ገዛ ሲባል ሰው ከንፈሩን ነበር የሚመጠው። ስልክሽ እየቀዳ ነው? ይቅዳ፣ ይቅዳ። ከንፈሩን ነው የሚመጠው አልኩሽ፣ "አይ ምስኪን፣ ሊሞት ነው" ይላል። ቤት የሚገዛ ነጋዴ ነው፣ ቤት የሚገዛ የቢሮ ሰው ነው፣ ወታደርማ ዛሬ ምሥራቅ ነገ ሰሜን ነው፣ ታዲያ ቤቱን በምን ሊሸከመው ነው? እንዲህ ነበር የሚባለው። እና አንቺ ዛሬ መጥተሽ፣ በስልክሽ የአራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም እያሳየሽ፣ "አባባ፣ በሥራ ላይ እያለሁ ቤት ልግዛ ወይስ ጡረታ እስክወጣ ልጠብቅ?" ስትዪኝ ሳቄ መጣ። በአንቺ አልሳቅኩም። አንቺ መቶ አለቃ ነሽ፣ እኔ ሃምሳ አለቃ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ በደንቡ ቢሆን ተነሥቼ ሰላምታ ሰጥቼ ነበር የማነጋግርሽ። የሳቅኩት በራሴ ነው።

ታዲያ ያኔ እኔና አስካለ፣ ልጅ ሳንወልድ ነው፣ ካምፕ ውስጥ ነበር የምንኖረው። አንዲት ክፍል፣ ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከአልጋሽ ሳትወርጂ "ይማርህ" የምትዪበት። ክፉ ኑሮ አልነበረም፣ ሳቅና ጨዋታ ነበረው። ግን የካምፕ ቤት የወታደሩ ነው፣ ወታደሩ ከሌለ ቤቱም የለም። አንድ ቀን ከፊት ለፊታችን የነበረች የጓዳችን ሚስት፣ ባሏ ግንባር የቀረባት፣ አርባው ወጥቶ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ስትሄድ አስካለ በር ላይ ቆማ አየቻት። ድስት እያጠበች ነበር። ጋሪው እስኪታጠፍ አየችና ድስቱን አስቀምጣ፣ "ደበበ፣ ቤት እንግዛ" አለችኝ።

"ገና ለገና እሞታለሁ ብለሽ ነው?" አልኳት።

"አይደለም፣ የምትመለስበት ቦታ እንዲኖርህ ብዬ ነው" አለች።

ይሄን ለገመቹ ነገርኩት። ገመቹ አሥር አለቃ ነው፣ የወሊሶ ልጅ፣ አንድ ምሽግ ውስጥ ስንት ክረምት ያሳለፍን። "ተው ደቤ፣ ተው" አለኝ፣ እንደዚህ ራሱን እየነቀነቀ፣ "ወታደር ቤት ከገዛ ልቡን ቤቱ ቆልፎበት ነው የሚመጣው፣ ምሽግ ውስጥ የሚቀመጠው እግሩ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከእግር ጋር አልዋጋም።" ሳቅን። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ነገሩ ልቤ ገብቶ ነበር። የፈራሁት ሞትን አልነበረም፣ ጓዶቼ "ይሄ ሰውዬ ቤቱን ነው የሚያስበው" እንዳይሉኝ ነው። ከዚህ የባሰ ስድብ በወታደር ዘንድ የለም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ከዚያ የዐሥር ቀን ፈቃድ አገኘሁ። ከዐሥሩ ቀን በኋላ ወደ ድንበር ነው፣ መቼ እንደምመለስ የሚያውቅ የለም። ያጠራቀምናት ለአንድ ቤት ብቻ የምትበቃ ናት፣ ተሳስተን ደግመን የምንሞክርባት አይደለችም። እና ቤት ለማየት ወጣን። ቤት እንዴት እንዳየሁ ልንገርሽና አንቺም ሳቂ።

መጀመሪያ አስኮ ሄድን። ደላላው ደህና ቤት አሳየን፣ ግድግዳው የተለሰነ፣ ውሃው ግቢ ውስጥ። እኔ ታዲያ ለቤቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ኮረብታውን አያለሁ። "ከላይ ያለው ማን ነው?" አልኩት። ደላላው፣ "የት ከላይ ጌታዬ?" "እዚያ ጉብታው ላይ።" "እሱማ ባሕር ዛፍ ነው።" "ጉብታውን የያዘ ሰው ይሄን ግቢ ቁልቁል ያየዋል፣ አይሆንም" ብዬ ወጣሁ። ደላላው ዞር ብሎ አስካለን አያት፣ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

ሁለተኛው ሳንሱሲ ሰፈር ነበር፣ ከፍታ ላይ ብቻውን የቆመ ቤት። እሱን ወደድኩት። በሩ ላይ ቆመሽ ማን መጣ ማን ሄደ መንገዱ ሁሉ ይታይሻል፣ በአንድ መትረየስ አገሩን ይዘሽ መዋል ትችያለሽ። ገዢ መሬት የሚባለው እሱ ነው። ቀብድ ልሰጥ እጄን ኪሴ ከተትኩ። አስካለ፣ "ጎረቤቱ የት አለ?" አለች። "ጎረቤትማ የለውም፣ ደግነቱ እሱ አይደል፣ ማንም አይጠጋሽም" አልኳት።

"ደበበ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ "እኔ ማንን ልተኩስ ነው?"

እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ግን ተናድጄ እስከ ታክሲው ድረስ ቀድሜያት ሄድኩ።

ሦስተኛው ይሄ ነው፣ አሁን የተቀመጥሽበት። ያኔ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነበር፣ መሬቱ ዝቅ ያለ፣ መንገዱ ክረምት ላይ ጫማ የሚያስቀር። እኔ ገና ከበሩ፣ "ይሄ ጉድጓድ ነው፣ ሰው በፈቃዱ እዚህ አይገባም" አልኩ። አስካለ ግን ደላላውን፣ "ስንመጣ ድንኳን አየሁ፣ ልቅሶ አለ እንዴ?" አለችው። "አዎ፣ ትናንት የተቀበረ ሰው አለ" አላት። ወደ ካምፕ ተመለስን።

በማግሥቱ ጠዋት ስነቃ አስካለ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትወጣ ነው። ክው አልኩ። "ማን ሞተ?" አልኳት።

"አላውቀውም።"

"እንዴት አታውቂውም?"

"ስሙን እዚያ ስደርስ እሰማለሁ" ብላ ወጣች።

ሲመሽ መጣች፣ በነጋታውም ሄደች። ከዐሥር ቀን ፈቃዴ ሁለቱን ቀን በላችብኝ። እኔ ካምፕ ውስጥ እንጎራደዳለሁ፣ ገመቹ መጥቶ "አስካለ የት ሄደች?" ሲለኝ "ልቅሶ" እለዋለሁ፣ "የማን?" ሲለኝ ምን ልበለው? የሰው ሚስት ለባሏ ፈቃድ ዶሮ ትሠራለች፣ የእኔዋ ለማታውቀው ሬሳ ታለቅሳለች።

በሦስተኛው ቀን አጠገቤ ተቀመጠችና፣ "ቤቱን አይቼዋለሁ፣ እንግዛው" አለች።

"የቱን?"

"ጉድጓዱን።"

እና ነገረችኝ። ሟቹ ኩሊ ነበር፣ ዕቃ ተሸካሚ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር። አገሩ ሩቅ ነው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ዘመድ የለውም። ስሚኝ ልጄ፣ አንድ ዘመድ የሌለው ሰው። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ሸምሱ፣ የስልጤ ሰው ናቸው፣ ከዚህ ማዶ ሱቅ የነበራቸው፣ ለዚያ ኩሊ ድንኳን አስተክለው ሙስሊሙን፣ ኦርቶዶክሱን፣ ጴንጤውን ሦስት ቀን አስቀምጠዋል። አንዱ አግዳሚ ይሸከማል፣ አንዷ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ አስካለም ገብታ ሽንኩርት ልጣለች፣ ውሃ ቀድታለች። ማን ነሽ ያላት የለም። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት፣ "እህቴ፣ ለሟቹ ምኑ ነሽ?" አለቻት። "ምኑም አይደለሁም፣ ቤት ልገዛ መጥቼ ነው" አለቻት። ሴትዮዋም፣ "እንግዲያው ጥሩ ቀን መጣሽ" አለቻት።

እኔ ግን አሁንም አልገባኝም። "አንቺ፣ የምንገዛው ቤት ነው ወይስ መቃብር?" አልኳት ተቆጥቼ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

"አንተ ከመጣህ ቤት ነው" አለች። "ካልመጣህ ግን መርዶህን የሚያረዳኝ ሰው ያስፈልገኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ስመርጥ የነበረው እሱን ነው። ለአንድ ኩሊ እንዲህ ከተቀመጡ፣ እኔን ብቻዬን አይተዉኝም።"

እኔ ጠላት በየት ይመጣል እያልኩ ኮረብታ ስቆጥር፣ እሷ መርዶ በየት በር ይገባል እያለች ነበር ቤቱን የምታየው። በልቤ ስለሷ አለቀስኩ፣ በዓይኔ ግን አላሳየኋትም። ያኔ ወንድ ነኝ ባይ ነበርኩ።

ገዛነው። ውሉ ሳያልቅ ፈቃዴ ስላለቀ ውክልና ሰጥቻት ሄድኩ። ግንባር ስደርስ ገመቹ፣ "እህ፣ እግርህ መጣ?" ይለኛል በየጠዋቱ፣ "ልብህስ ደህና ነው? ደብዳቤ ይጽፍልሃል?" እኔም ልቤን እጠባበቃለሁ፣ መቼ ይሆን ለሁለት የሚከፈለው እያልኩ። አልተከፈለም፣ ልጄ። በፊት አገርህን ጠብቅ ሲሉኝ የሚታየኝ ካርታ ነበር፣ ቤት ከገዛሁ በኋላ አንዲት ጭቃማ መንገድ ትታየኝ ጀመር፣ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ጋ የምትታጠፈዋ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ወዲህ በጥበቃ ተራዬ አሸልቤ አላውቅም። በስምንተኛው ወር ገመቹ ራሱ መጣና ጎኔ ተቀምጦ፣ "ደቤ፣ እዚያ ሰፈራችሁ ሌላ የሚሸጥ ጉድጓድ የለም?" አለኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ ጦር ኃይሎች ታክሲ ፌርማታ ላይ አንድ ከግንባር የመጣ ልጅ፣ "ሃምሳ አለቃ ደበበ ተሰዋ" ብሎ ሲያወራ የሰፈራችን ሰው ሰማ። ሮጦ ለጋሽ ሸምሱ ነገራቸው። መቼም መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እና ግማሹ "ነገ በጠዋት እናርዳት" አለ። ጋሽ ሸምሱ ምን አሉ? "በፌርማታ ወሬ የሰው ባል አልገድልም" አሉ። ሱቃቸውን ዘጉ። ለበዓል እንኳ የማይዘጋ ሱቅ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ከካምፕ ካምፕ፣ ከወታደር ወታደር እየዞሩ ጠየቁ። ሴቶቹ ደግሞ ተራ ገብተው አስካለ ጋ ይውላሉ፣ "ጸጉርሽን ልሥራሽ" ትላታለች አንዷ፣ "ገበያውን እኔ ልሂድልሽ" ትላታለች ሌላዋ፣ ወሬ እንዳትሰማ ከበር አያስወጧትም።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሸምሱ አጣርተው መጡ። የሞተው ሌላ ደበበ ነው፣ የሌላ ሻለቃ ሃምሳ አለቃ። ነፍሱን ይማረው። እሱም የአንዷ ባል ነበር፣ የእኛ በር ሳይንኳኳ የቀረ ቀን የሌላ በር ተንኳኩቷል፣ ይሄን ሳልል ጨዋታውን አላልፈውም።

እና እኔ ስመጣ፣ ጋሽ ሸምሱ መንገድ ላይ አግኝተውኝ ጀርባዬን በጡጫ ደበደቡት፣ "አንተ፣ ሁለት ቀን ሱቅ አስዘግተኸኛል" እያሉ፣ እንባቸው ይወርዳል። ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ። ቤት ገብቼ፣ "አስካለ፣ ሞተ ተብዬ እንደነበር ሰምተሻል?" አልኳት።

"ያኔውኑ አውቄአለሁ" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ሦስት ሴት ተራ ገብታ ውሃ የምትቀዳልኝ እጄ ተሰብሮ ነው?"

"ታዲያ ለምን አልጮህሽም?"

"እነሱ ያን ያህል ተጨንቀው ሲደብቁኝ እንዴት ልጩህባቸው? የጋሽ ሸምሱን ሱቅ ከበሬ ሆኜ ተዘግቶ ሳየው እየዞሩ እያጣሩ መሆኑ ገባኝ፣ መጥተው እስኪነግሩኝ ልጠብቅ ብዬ ተቀመጥኩ።"

ሁለት ቀን፣ ልጄ። ጸጉሯን እያሠራች፣ እየሳቀችላቸው፣ ሁለት ቀን። እኔ ምሽግ ይዣለሁ፣ ተከብቤም አውቃለሁ፣ እንደሷ የያዘ ወታደር ግን አላየሁም። ሰው እዚህ ሰፈር ይሄን ቤት የሃምሳ አለቃ ቤት አይለውም፣ የአስካለ ቤት ነው የሚለው። እኔም የአስካለ ባል ነኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው፣ ከኒሻኔ ይልቅ የምኮራው በዚህ ነው።

ስለዚህ ግዢ፣ መቶ አለቃ። ጡረታ አትጠብቂ፣ ቤት ያለው ልብ አይከፈልም። ግን ቅድም ያን ሁሉ ስታሳዪኝ፣ ክፍሉ ስንት ነው፣ ከካምፕሽ ምን ያህል ይርቃል፣ ስትሄጂ በስንት ይከራያል፣ ሁሉንም ታውቂዋለሽ። ጎረቤትሽ ማን ነው ስልሽ "አላውቅም አባባ" አልሽኝ። አንቺም እንደኔ ኮረብታውን ነው ያየሽው።

— እሺ አባባ፣ ገባኝ። ግን እርስዎ እንደሚሉት እንዳላደርግ፣ ሕንጻው ለሰው ከተሰጠ ገና አራት ወሩ ነው፣ ማንም አልሞተበትም። ልቅሶ ከየት ላምጣ?

ይኸው፣ ራሷ ከጓዳ ሰማችሽ። አስካለ፣ ነይ እስቲ፣ ለልጅቷ መልስ ስጫት። "ማንም አልሞተበትም" ትላለች።

— ያልተሞተበት ፎቅ ቢኖር፣ ያልተወለደበት የለም። አራስ ፈልገሽ ጠይቂ። ገንፎ ይዞ የሚገባው ማን እንደሆነ ቁጭ ብለሽ እይ።

(ሳቅ) ሰማሽ? እኔ ሃምሳ አለቃ፣ አንቺ መቶ አለቃ፣ አዛዧ ግን ማን እንደሆነች አሁን አየሽ። በይ ስልኩን ዝጊውና ተነሺ። እኔም እነሣለሁ። ሁለታችንም ሰላምታ እንስጣት።