ሥጋ ሥጋ ያለው የጾም ሽሮ

በዐቢይ ጾም እኩሌታ ወደ ሎጊያ የሚወስደኝን ባጃጅ ፍለጋ ሰመራ መናኸሪያ ብደርስ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ስንቅነሽ ሻንጣቸውን ታቅፈው የአዋሽ ሚኒባስ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ደም ግፊት ስላለባቸው፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሆነው ልጃቸው ደስታው ከአዋሽ አምጥቶ ሎጊያ ቤቱ አስቀምጧቸው ነበር። የምትንከባከባቸው ሚስቱ ሉሊት ናት፤ ነርስ ናት።

"ምነው እማማ፣ በደህና?"

"ምን ደህና አለ መምህር! ምራቴ ጾሜን አስገደፈችኝ። ሽሮ ውስጥ ሥጋ ከታ አበላችኝ! ደስታው ሲመጣ ወይ እሷን ወይ እኔን ይምረጥ።"

ደነገጥኩ። ሉሊት እንኳን ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕና ዓርብን የማትስት ልጅ ናት። ወዲያው እሷም እያለከለከች ደረሰች።

"እማማ፣ በማርያም አይሂዱ! ሥጋ አይደለም። ኤም ኤስ ጂ የሚሉት ማጣፈጫ ነው፤ ከአህመዲን ሱቅ ነው የገዛሁት።"

"ታዲያ ሥጋ ሥጋ ያለኝ ምኑ ነው? ምላሴ አብዷል?"

እኔ ደግሞ፣ አፌ አያርፍ፣ "እሱ ነገር መርዝ ነው ይባላል እኮ" ብዬ ዘው አልኩ።

"ይኸው! መምህሩም መሰከሩ! ጾሜን ማስገደፏ ሳያንስ መርዝ!"

ሉሊት እንባዋ መጣ። "መምህር፣ ተማሪዎ 'ይባላል' ብሎ ቢመልስልዎ ያርሙለታል?" አለችኝ። ማንን ልመን? የማውቀው ነገር ሁሉ ተደበላለቀብኝ።

"እማማ፣" አለች ወደ እሳቸው ዞራ፣ "መርዝ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከሸንኮራ ነው የሚሠራው። እንደ ሊጥ አብላልተው ያደርቁታል።"

"ሸንኮራ ይጣፍጣል እንጂ መረቅ መረቅ ይላል? ከበግ ጋር ምን አዛመደው?"

"የቲማቲም ስልስ በደንብ ሲቁላላ መረቅ መረቅ አይልም? ያ ጣዕም በሥጋም በቲማቲምም ውስጥ አለ። ሥጋ ሥጋ ያለ ሁሉ ሥጋ አይደለም።"

አሮጊቷ ግራ ተጋብተው አዩኝ። "እንዴ! እኔ ስልስ ስበላ ነው የኖርኩት። ገድፌያለሁ ማለት ነው?"

"ኧረ አልገደፉም!" አልን ሁለታችንም።

"ይሁን። ግን ምን አስፈለገ? አፍዴራ ጨው እንደ አሸዋ ተቆልሎ!"

"ጨዉማ ነው የእርስዎ ጠላት! ሐኪሙ ጨው ቀንሱ ካለን ወዲህ 'ወጡ ውሃ ውሃ ይላል' እያሉ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ይነሳሉ። ከስተው ሳይዎት ፈራሁ። ጨዉን በግማሽ ቀንሼ ከዚያ ማጣፈጫ ቁንጥር ጨመርኩ። ትናንት ሳህኑን ጠረጉት፤ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ጮሁብኝ።"

ወይዘሮ ስንቅነሽ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"ብነግርዎ አይቀምሱትም ብዬ። ጥፋቴ እሱ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።" ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች።

ረዳቱ "ገዋኔ፣ አዋሽ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ሻንጣውን ያዘ።

"ልቀቅ!" አሉት። "ሌላ ሰው ፈልግ። ወደ ቤቴ ነኝ።" ከዚያ ለሉሊት፣ "የንስሐ አባቴን ግን እጠይቃለሁ። ከእንግዲህም ሳትነግሪኝ ድስቴ ውስጥ አንዲት ነገር አትጨምሪም" አሏት።

ለእናንተም ለምታነቡኝ እላለሁ፦ ጨው የተከለከለ ሰው ያለበት ቤት፣ ጨዉን ቀንሶ ከዚህ ማጣፈጫ ቁንጥር ቢያደርግ ሽሮውም ምስሩም ይበላል፤ በሽተኛውም ከገበታ አይሸሽም። እሱም የጨው ነገር አለበትና በጨው ላይ እንደ ልብ የሚነሰንስ ሰው ምንም አላተረፈም። የሚበላው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ይነገረው። "ይባላል" ግን መድኃኒትም ማስረጃም አይሆንም፤ እኔን አሳፍሮኛል።

ሻንጣውን ተሸክሜ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋቸው። እማማ የምራታቸውን እጅ ያዙ።

"ሉሊትዬ፣ ለደስታው አንድም ነገር እንዳትነግሪው። ለፋሲካ ግን እውነተኛ ዶሮ ነው የምፈልገው፤ ሸንኮራ አርደሽ እንዳታቀርቢልኝ!"