ከሕያዋን ወይስ ከሙታን

ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ስንመጣ ከኋላዬ ያሉት እናት፣ አጠገባቸው የተቀመጠውን ኤርትራዊ ጎልማሳ አባቱ በሕይወት እንዳሉ ጠየቁት። እኔ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጣልሁ።

«አላውቅም፣ እማማ።»

«ያባትህን ነገር እንዴት አታውቅም?»

«ለነፃነት ታግሎ አገሩ ገባ። ከነፃነት በኋላ ‹ሕገ መንግሥቱስ መቼ ነው ሥራ ላይ የሚውለው?› ብሎ ጠየቀ። ከቤት ወሰዱት፤ ይኸው እስከ ዛሬ።»

«ስለጠየቁ ብቻ?»

«ስለጠየቀ ብቻ። በሬዲዮ የነፃነቱ ታሪክ ሲተረክ የሱ ስም የለም። አያቴን ጣልያን ሲያስረው እንኳ ቤተሰቡ ስንቅ ያቀብለው ነበር። እኛ ስንቅ ይዘን የምናንኳኳው በር የለንም።»

«እንዴ! ጣልያንን ልታመሰግነው ነው?»

«ኧረ አላመሰግነውም። የገዛ ወንድሞቻችን ከሱ ብሰው መገኘታቸው ነው የሚቆጨኝ።»

«ተዝካራቸውንስ አወጣችሁ?»

«መሞቱን ሳናውቅ?»

«ታዲያ ጸሎትስ?»

«እናቴ ታማለች። ሳትሞት ቄሱ ስሙን በቅዳሴ እንዲጠሩላት ትፈልጋለች። እሳቸው ‹ከሕያዋን ነው ከሙታን?› ሲሏት ግን አፏ ይያዛል።»



«ነገ ጊዮርጊስ እሳለማለሁ። የክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

«ወልደ ሚካኤል።»

«ከሕያዋን አስጠራቸዋለሁ። ለእናትህም ደውለህ ንገራት።»

«ሞቶ ቢሆንስ፣ እማማ?»

«መሞታቸውን የወሰዷቸው ሰዎች ይናገሩ! እኛ ሞቱ ካልንማ ሰዎቹን ገላገልናቸው እኮ።»

እኔም እስክወርድ ድረስ ወልደ ሚካኤልን በልቤ ስጠራው ሄድሁ።