የወይዘሮ ለተኪዳን ዶሮዎችና የስዋው አተላ

ወይዘሮ ለተኪዳን ከሓድነት ሰፈር ወደ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስድስት ዶሮዎች በሁለት ቅርጫት ይዘው ተቀምጠዋል። ዶሮዎቹን ሊሸጡ ነው። ባለቤታቸው አቶ መድሃኔ ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ከዓይደር ሆስፒታል ከወጡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ሐኪሙ እንቁላል ይብሉ ብሏል። ዶሮዎቹ ግን መኖ ተወዶ ከተቀነሰባቸው ወዲህ እንቁላል መጣል ትተዋል። ስለዚህ ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ያሳደጓቸውን ሸጠው እንቁላል ሊገዙ መንገድ ጀምረዋል።

አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት ዓለምእሸት ይባላል። የደብረ ብርሃን ልጅ ሲሆን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንስሳት እርባታ ያስተምራል። የአንዷን ዶሮ ደረት በጣቱ ዳሰሰ፤ አጥንት ብቻ ነው።

«አደይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ታመው ነው የሚሸጧቸው?» ሲል በትግርኛ «እናቴ» ብሎ ጠየቃቸው።

«አልታመሙም ወደይ፣ ልጄ። ርቧቸው ነው» አሉ ወይዘሮ ለተኪዳን። ባለቤታቸው በሥራ ሲዘዋወሩ ወሎ ብዙ ዓመት ስለኖሩ አማርኛው አይቸግራቸውም።

«ከቤት የሚተርፍ ነገር የለም?»

«ምን ይተርፋል? ለማኅበርና ለጎረቤት ስዋ፣ እናንተ ጠላ የምትሉትን፣ እጠምቃለሁ። ከሱ የሚተርፈው አተላ ነው፤ እሱንም ቦይ ውስጥ እደፋዋለሁ። ጎረቤቴ ኣብርሀት በአተላው ሽታ ተማርራ ከተኳረፍን ቆየን።»

«አደይ፣ እሱ እኮ መኖ ነው።»

ወይዘሮ ለተኪዳን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ዐምና ለፋሲካ ሰጥቼ አራት ዶሮ ሞተብኝ። ሁለቱ እንደ ሰካራም ሲወላገዱ ነበር። አተላ የከብት ነው፤ ለዶሮ መርዝ ነው። እናቴም እንዲሁ ትል ነበር።»

ዓለምእሸት አልሳቀም። «አተላው ስንት ቀን ቆይቶ ነበር?»

«ስምንት ቀን። ላዩ ነጭ ጸጉር የመሰለ ነገር አብቅሎ ነበር።»

«እንግዲያው እናትዎም እርስዎም ያያችሁት እውነት ነው። የገደላቸው ሻጋታው ይመስለኛል። ያወላገዳቸው ደግሞ እርጥቡ አተላ ውስጥ የቀረው አልኮል ነው። እህሉ ግን ጠላታቸው አይደለም። ስዋው ጣፋጩን ይወስዳል፤ አካል የሚገነባው አብዛኛው አተላው ላይ ይቀራል።»

እንዲህ ያለው ነገር በብዙዎቻችን ቤት አለ። አንድ ጊዜ በአያያዝ ጉድለት የደረሰ ጉዳት ነገሩን ራሱን ያስኮንነዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። ወይዘሮ ለተኪዳን ግን ጠየቁ።

«እንዴት ይያዝ ታዲያ?»

«ስዋው በተጠለለበት ዕለት አተላውን በጨርቅ ይጭመቁት። ንጹሕ ሸራ ላይ በስሱ ያስጡት፤ እያገላበጡ እንደ ደረቅ ቂጣ እስኪሰበር ድረስ። የሻገተ ካዩ ሳያዝኑ ይጣሉት። ከዚያ የተፈጨ በቆሎ፣ ፉርሽካና ዘይቱ የወጣለት የኑግ ፋጉሎ ቀላቅለው፣ ከድብልቁ ለአራት ጣሳ አንድ ጣሳ አተላ ይጨምሩ። ብቻውን አይስጧቸው። ንጹሕ ውኃም አይለያቸው።»

«ጌሾውስ? ዶሮ መራራ አትወድም።»

«እሱን አላሰብኩትም» አለ ወጣቱ። «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«ጌሾውን ለብቻው ዘፍዝፌ፣ ቅጠሉን ቀድሜ አጥልዬ አወጣዋለሁ። ውኃው ለስዋው ይበቃል።»

«እንዲያ ከሆነማ ከኔ ዘዴ ይበልጣል።»

ገበያ ሲደርሱ ወይዘሮ ለተኪዳን ቆርጠዋል። ሦስቱን ሸጠው ለአቶ መድሃኔ እንቁላል፣ ለቀሩት ሦስት ዶሮዎች ደግሞ በቆሎና ፋጉሎ ገዙ። ከመለያየታቸው በፊት የወጣቱን ስልክ ተቀብለው «ከሞቱብኝ ቢሮህ ድረስ ነው የምመጣው» አሉት።

በሚቀጥለው ጠመቃ አተላው ግቢው ውስጥ ተሰጣ። አቶ መድሃኔ ከአልጋ ወርደው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወፎቹን በሚመረኮዙበት ዘንግ ሲያባርሩ ዋሉ። ሥራ በማግኘታቸው ፊታቸው ፈካ። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ጠርጥረው ጫር ጫር አደረጉት፤ በሦስተኛው ቀን ጣሳው ሲንኳኳ መሮጥ ጀመሩ። በአራተኛው ሳምንት ገለባው ላይ አንድ እንቁላል ተገኘ። ወይዘሮ ለተኪዳን ሙቀቱ ሳይጠፋ በሁለት እጃቸው ይዘው ለባለቤታቸው አሳዩአቸው። ከዚያ ወዲያ በቀን ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ይገኝ ጀመር።

አንድ ቀን ኣብርሀት በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። «ሽታው የት ሄደ?»

«ዶሮዎቹ በሉት» አሉ ወይዘሮ ለተኪዳን። «ነይ ግቢ። ቦዩ ጸድቷል፤ ዝንቡ ቀንሷል፤ የመኖ ወጪዬም ቀሏል። መድሃኔ ጠዋት ጠዋት እንቁላል ይበላል። ካንቺም ጋር ታረቅን። ያንቺንም አተላ አትድፊው፤ አደራረቁን አሳይሻለሁ።»

በሰንበት ዓለምእሸትን ምሳ ጠሩት። ሲመጣ ወይዘሮ ለተኪዳን ጉንጩን ስመው «የቐንየለይ ወደይ» ብለው አመሰገኑት። «ፍርሃቴን አልናቅህብኝም። ብትንቀኝ ኖሮ ሁሉንም ሸጬ ባዶ ቅርጫት ይዤ እመለስ ነበር።»

«እኔም አመሰግናለሁ አደይ። የጌሾውን ነገር ለተማሪዎቼ አስተማርኳቸው። ከወይዘሮ ለተኪዳን ተማርኩ ነው ያልኳቸው።»

ወይዘሮ ለተኪዳን በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ፈገግ አሉ። እንግዳው ሲነሣ አቶ መድሃኔ ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተዉና፣ ያለ ምርኩዝ እስከ ግቢው በር ድረስ ሸኙት።