«ገብቶናል» ያሉ ልጆች

ጋሼ አስፋው በሸዋ ሮቢት ሠላሳ ዓመት የጠመኔ ብናኝ የማጉ የሳይንስ መምህር ናቸው። ሰው ሁሉ ክረምት ወጣ ብሎ ደስ ሲለው እሳቸው መስከረም ሲጠባ ጭንቅ ይይዛቸዋል፤ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ባዩ ቁጥር ቆመው አፈር ይመልሱበታል። አምና በጥቅምት ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው አንዷን፣ የሺን፣ ወባ ነጥቋቸዋል። ስለ ወባ ያስተማሯትም እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ቢሉ፣ ከጎንደር ተመድባ የመጣችው ወጣት መምህርት ጸደንያ ጥቁርና ነጭ ምልክት የታተመበት ወረቀት በመቀስ ስትቆራርጥ አገኟት። ምን ጨዋታ እንደሆነ ጠየቋት። ካርዱ ለተማሪው፣ ስልኩ ለመምህሩ ነው አለች። እያንዳንዱ የካርዱ ጎን አንድ የመልስ ምርጫ ነው፤ ተማሪው የመረጠውን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ያነሣል፤ ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ አፕ የሁሉንም መልስ በካሜራ ባንዴ ያነባል።

ለጋሼ አስፋው አልተዋጠላቸውም። ልጆቹ ስልክ የላቸውም አሉ፤ የእኔ አንዱ ይበቃል አለች። ኔትወርክ ቢጠፋስ አሉ፤ ያን ቀን በቁራጭ ወረቀት እንጠይቃለን አለች።

«ልጄ፣ እኔ የራሴ ማወቂያ አለኝ። ገብቷችኋል? እላለሁ፤ ገብቶናል ይላሉ።»

«ጋሼ፣ አልገባኝም ያለዎት ልጅ አለ?»

አልገባኝም ማለት መምህርን መድፈር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ እውነቱን ከየት አምጥቶ ይናገር? ጸደንያ ግን የየልጁ ምልክት ስለሚለያይ ጎረቤቱ መልሱን እንደማያውቅበት፣ ስለዚህም እንደማያፍር አስረዳቻቸው። እሳቸውም «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» እያሉ እሺ አሉ።

በማግስቱ ባለፈው ሳምንት ስለ ወባ ያስተማሩትን አነሡና እንደ ልማዳቸው ገብቷችኋል ወይ አሉ። ክፍሉ «ገብቶናል!» ብሎ አስተጋባ። ቀጥለው ወባ ከምን እንደሚመጣ በካርዱ ጠየቁ። አብራቸው ክፍል የገባችው ጸደንያ ስልኩን ከግራ ወደ ቀኝ አዙራ ሰጠቻቸው። ከአርባ ሁለቱ ሃያ ስምንቱ እሸት በቆሎ ከመብላት ብለዋል።

ጋሼ አስፋው ቁጥሩን ደግመው አነበቡ።

«የሺም ገብቶናል ብላኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ያኔ የሚያሳይዎት አልነበረም፤ አሁን ግን አይተዋል።»

ልጆቹን አልተቆጡም። የወባ ትንኝ ስትናከስ የሚያሳየውን ነፃ ቪዲዮ በዚያው ስልክ በየወንበሩ አዞሩት። ዓመት ሙሉ አንገቱን የሚደፋው ናትናኤል እንኳ፣ ታዲያ ሰው ለምን በእሸት ወራት ይታመማል ብሎ ጠየቀ። እሸቱም ትንኟም ዝናብ ጋብ ሲል አብረው ስለሚደርሱ ነው አሉት። ካርዶቹ እንደገና ሲነሡ ሠላሳ ዘጠኙ ትክክል ሆኑ።

እነሆ፣ ስልክ በራሱ አያስተምርም። ግን መምህሩ የት እንደሳተ ሳይረፍድ ይነግረዋል፤ ዓይን አፋሩን ሳያጋልጥ ያናግረዋል፤ የሚያንቀላፋውንም ያነቃዋል። ጋሼ አስፋውም ለሌሎቹ ክፍሎች ካርድ እንድትቆርጥላቸው ለመኗት።

«የሳቱት ሦስቱስ እነማን ናቸው?» አሉ ከዚያ።

ስሞቹን አሳየቻቸው፤ በእጃቸው መዳፍ ላይ ጻፏቸው። ከሰዓት በኋላ ደወሉ ሲደወል ወደ ቤታቸው አልሄዱም። የሦስቱን ልጆች አጎበር በዓይናቸው ሊያዩ ወደየቤታቸው አመሩ።