ፊት እስኪሳልበት የቆመው አምቡላንስ

ልጄ ማሪቪክ የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ስለነበር ትንሽ ላንሸራሽራት ወጥተን ሳለ፣ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር፣ ሁላችንም ሎሎ (አያታችን) እያልን የምንጠራቸውን ሽማግሌ ኢውሴቢዮን ጋራዡ በር ላይ አገኘናቸው። ከኋላቸው አንድ ለእናቱ የሆነው አምቡላንሳችን ቆሟል። የቀድሞው ከንቲባ ፊት ተፍቆ የአዲሱ ግማሽ ፊት ተስሎበታል። እኔ ሁሌም ክፉውን ስለምጠብቅ ወዲያው ተጠጋኋቸው።

«ሎሎ፣ መኪናው መቼ ነው የሚወጣው?» አልኳቸው።

«እሑድ። ከንቲባ ባልዶሜሮ ራሳቸው መጥተው ይመርቁታል።»

«አምና ተመርቆ የለም እንዴ?» አለች ማሪቪክ።

«ያኔ የሌላ ሰው ነበራ፣ ልጄ።»

«የማን? የተገዛው በእኛ ግብር ነው። ሳሙና ስገዛ፣ ሰርዲን ስገዛ ከፍያለሁ። ከንቲባው ከኪሳቸው ምን አወጡ?»

ሎሎ ሳቁ። «አይ የኮሌጅ ልጅ! ሰው ውለታ ማወቅ አለበት። አባትሽ የታመመ ጊዜ ማን ነው ሆስፒታል ያደረሰው?»

«ሾፌሩ ነዋ! የከንቲባው ፊት መሪ አይዝም።»

ለሽማግሌ እንዲህ ስትመልስ አፍሬ ክንዷን ቆነጠጥኳት። ነገሩ ግን እውነት ነው። ከጎርፍ በኋላ በሚታደለን የሩዝ ከረጢት ላይ ሳይቀር የባለሥልጣን ፊት ስለሚለጠፍ፣ በገዛ ገንዘባችን ውለታ የተዋለልን ይመስለናል። ከዚያም በምርጫ ቀን ውለታውን በድምፃችን እንመልሳለን። አሁን ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ገባኝ።

«ለመሆኑ ቀለሙ በምን ተገዛ?»

ሎሎ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ያው... ከነዳጁ በጀት ላይ ተነስቶ ነው። ይተካል ብለውኛል።»

«ማን ነው የሚተካው?»

ፊቱን ወደሚስለው ቀለም ቀቢ ዞር አሉ።

«ሎሎ፣» አለች ማሪቪክ፣ «በሽተኛ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚሄደው። ውጪ የተሳለውን አያይም። ታዲያ ፊቱ ለማን ነው?»

«ለመራጩ ነው እንግዲህ፤» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እንግዲያው መራጭ ይመላለስበት፤ እኔ ወደ ሆስፒታል ተራራውን በእግሬ እሻገራለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ምጥ ይዞኛል። እማ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ጮህኩ። ሎሎም ደነገጡ፤ ግን አሁንም ያመነታሉ። «ከንቲባው ቢቆጡኝስ?»

«ልጄ ብትሞትብኝስ ማንን ይቆጡልኛል?» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ የቀለም ቀቢውን ጨርቅ ነጥቀው ያልደረቀውን ፊት ጠረጉት። «ልክ ናችሁ፤ መኪናው የእናንተ ነው። ሾፌር፣ አስነሳ!» አሉ።

ማሪቪክ ሆስፒታል እንደደረሰች ወንድ ልጅ ወለደች። ሎሎም ቀበሌውን ሰብስበው በሕዝብ ንብረት ላይ የማንም ፊትና ስም እንዳይጻፍ አስወሰኑ። በአምቡላንሱ ላይ አሁን ያለው የቀበሌያችን ስምና የስልክ ቁጥሩ ብቻ ነው። የቀለሙ ወጪ ነዳጅ ሆኗል። ከንቲባ በተቀየረ ቁጥር መኪናው አይቆምም፤ የታመመም ሰው ማንን እንደመረጠ ሳያስብ ይደውላል።

እኔ ግን ሽማግሌው ይህን ሁሉ ያደረጉት ለሚቀጥለው ምርጫ እንዳይሆን ጠርጥሬ ነበር። ለመፈተን ቤታቸው ሄድኩና፣ «ሎሎ፣ ሕፃኑን በእርስዎ ስም ኢውሴቢዮ ልንለው ነው፤» አልኳቸው።

«ኧረ ተዪ!» አሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። «እናቱን ሆስፒታል ያደረሳት የራሳችሁ መኪና ነው። በሕፃኑም ላይ ደግሞ የእኔን ስም ልትለጥፉበት ነው?»