በአሻራዬ ላይ የተጨመሩት ሁለት መስመሮች

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አሰገደች እንዳላማው
ዕድሜ፦ 48
አድራሻ፦ ስናን ወረዳ፣ ሮብ ገበያ
ቃል የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3፡30

የግል ተበዳይ የኔአለም ታረቀኝ የ20 ዓመት ልጄ ናት። ከጥር ወር ጀምሮ ምግብ እየተወች፣ ከሰው እየሸሸች ስላሳሰበችኝ መጋቢት 3 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ አቶ ደመላሽ የሺዋስ ደብረ ማርቆስ ከተማ ከፍተው ወደሚያክሙበት ክሊኒክ ወሰድኋት። ሌላ ዘንድ ያልሄድሁት ባለቤታቸው እስከዳር ልጄን ክርስትና ያነሳች፣ እሳቸውም አበልጄ በመሆናቸው ነው።

አቶ ደመላሽ የድብርት መድኃኒት ሰጥተውን «በቀን አንድ ትዋጥ፤ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለውም» አሉኝ። ቀጥለው ወረቀት አቀረቡና አውራ ጣቴን ይዘው የማኅተም ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፉት። ፊደል የለየሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን ጨውና ስኳር ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ጋዜጣ ስለሆነ ማንበቤን አያውቁም ነበር። እኔም በሰው ፊት «እችላለሁ» ማለት አፍሬ ዝም አልሁ። ወረቀቱን ግን አንብቤዋለሁ። «መድኃኒቱን ተረክቤያለሁ» የሚል አንድ መስመር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ፣ ከሱ በታች እስከ አሻራዬ ድረስ ባዶ ነበር።

ልጄ በስድስተኛው ቀን እንቅልፍ አጣች፤ መቀመጥ አቅቷት ግቢ ውስጥ ስትመላለስ ትውል ጀመር። «እማ፣ ውስጤ እየሮጠ ነው፤ ያዥልኝ» ትለኝ ነበር። መጋቢት 10 ቀን ለአቶ ደመላሽ ደውዬ ብነግራቸው «አዲስ ሆኖባት ነው፣ አበልጅ፤ እንዳያቋርጡባት» አሉኝ። አላቋረጥሁም፤ በእጄ አስዋጥኋት።

መጋቢት 15 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወፍጮ ቤት ሄጄ ሳለሁ ከቤታችን ጀርባ ካለው ገደል ራሷን ወረወረች። ጎረቤታችን አስማማው ደርሶ አወጣት። ሁለት እግሯ ተሰብሮ እስከ ዛሬ ሆስፒታል ተኝታለች። እዚያ የተቀበለን ሐኪም የመድኃኒቱን ማሸጊያ አይቶ፣ በወጣቶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቁነጥነጥና ራስን የመጉዳት ሐሳብ አልፎ አልፎ ሊያመጣ ስለሚችል ቤተሰብ እንዲጠብቅ ሊነገር ይገባ እንደነበር ገለጸልኝ። ቢነገረኝ ኖሮ እህሉ ሳይፈጭ ይቀር ነበር።

ለፖሊስ ካመለከትሁ በኋላ፣ መጋቢት 27 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት፣ አቶ ደመላሽ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ልጄ አልጋ ዘንድ መጡ። ሽማግሌዎቹ አቤቱታውን እንድተው ሲለምኑኝ እሳቸው ያንኑ ወረቀት አውጥተው «አደጋውን ነግሬያቸዋለሁ፤ አሻራቸው ይኸው። ላንብብልዎ?» አሉ።

«እኔው ላንብበው» ብዬ ተቀበልኋቸው። «አደጋው በዝርዝር ተነግሮኛል፤ ልጄን ሳልለይ ለመጠበቅ ተስማምቻለሁ» የሚሉ ሁለት መስመሮች በጥቁር እስክሪብቶ ተጨምረው፣ የመጨረሻው ቃል አሻራዬ ላይ ተደርቧል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ አቶ ደመላሽ «ከመቼ ወዲህ ነው የሚያነቡት?» አሉኝ።

«አበልጅ ከመሆናችን በፊት» አልኋቸው።

አንደኛው ሽማግሌ «አይ ደመላሽ!» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ወረቀቱ እንዳለ ከጸና አደጋውን እያወቅሁ ልጄን ጥዬ የሄድሁት እኔ እሆናለሁ። ስለዚህ ከእጃቸው ተወስዶ እንዲመረመርልኝ አመለክታለሁ።

የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነው። በቃሉ መጨረሻ «ተነብቦልኝ» ተብሎ የተጻፈው «ራሴ አንብቤ» ተብሎ እንዲታረም፣ ከዚህ መስመር እስከ ፊርማዬ ያለው ባዶ ቦታም በእስክሪብቶ ተሰምሮ እንዲዘጋ ጠይቄ ተፈጽሞልኛል። የቀረበልኝን የማኅተም ቀለም መልሼ በእጄ ጽሑፍ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ አሰገደች እንዳላማው
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ጌቱ መሳፍንት (ፊርማ)