ያልተከፈተው የጓዳ በር

ክቡር የአሳታሚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፤
ክብርት ደራሲ፤ ክቡር ሠዓሊ፤
የማተሚያ ቤቱ ባለሙያዎች፤ የዚህ የመጻሕፍት መደብር ባለቤት፤
ከሁሉ በፊት መጠራት ሲገባችሁ በሥርዓቱ ምክንያት መጨረሻ ላይ የምትጠሩ አንባብያን፤

«እንኳን ደህና መጣችሁ» ለማለት ቀኑ አይመችም። መጽናናቱን ይስጠን።

ዛሬ የምንሸኘው ሰው አይደለም። «የጓዳው በር» የተባለው አስፈሪ የሥዕል ታሪክ ነው። በየወሩ ይወጣ ነበር። ባለፈው ወር ተቋረጠ። ከፊታችሁ ያለው መደርደሪያ የእሱ ነበር፤ የመደብሩ ባለቤት ጥቁር ጨርቅ አልብሳዋለች። «ጋሼ፣ በዳኝነት ዘመንዎ ስንቱን አሰናብተዋል፤ ይህንንም በወጉ ያሰናብቱልን» ስትለኝ እንቢ የምልበት አፍ አጣሁ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ጉጉት የሚሏት፣ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ አለች። በቤታቸው ጓዳ ውስጥ ትናንት ያልነበረ በር ታያለች። ከበሩ ማዶ አንድ ነገር ይተነፍሳል። በእያንዳንዱ እትም መጨረሻ እጇ እጀታው ላይ ያርፋል። ከዚያስ? ከዚያ የመጨረሻው የሥዕል ሳጥን ባዶ ነው። ሠዓሊው ሆን ብሎ ይተወዋል። ከበሩ ማዶ ያለውን እኛው እንድንሥለው።

ከመካከላችን ያልሣለ ማን አለ?

በእኛ ፍርድ ቤት አንዲት ቅጂ ነበረች። መዝገብ ቤቱ ይገዛል፤ ከዚያ እጅ ለእጅ ትዞራለች። ደንቡ ግልጽ ነበር፦ የቀደመህን በላጲስ አጥፋ፤ በእርሳስ ሣል፤ አሳልፍ። ሾፌሩ ጥርስ ያለው ጨለማ ይሥላል። ጸሐፊዋ አማቷን ትሥላለች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ወረቀቷ ከመፋቋ ብዛት ሳስታ ትበሳ ነበር። ሾፌሩ አንድ ቀን በቀዳዳው አጮልቆ፣ «ክቡር ዳኛ፣ አሁን ገና አስፈራኝ! ማዶው የፍራሽ ማስታወቂያ ነው» አለኝ።

ሳቃችሁ አይከፋኝም። ሟቹም ቢሆን ሳቅ ይወድ ነበር።

ዛሬ ስገባ ክቡር ሥራ አስኪያጁን በሩ ላይ አገኘኋቸው። «ምን ላድርግ? አንባቢ አልነበረውም እኮ» አሉኝ። ዞር ብዬ አዳራሹን አየሁ። መቆሚያ እንኳ የለም። ክቡርነትዎ፣ እርስዎ ያዩት ገዢውን ነበር። አንባቢውማ ይኸው! በውሰት ሲቀባበል፣ «ጨርሰህ ስጠኝ» ሲባባል የኖረው ሁሉ ይኸው። ንፉግ ሆነን አልነበረም። ወደነው ነው። ወደን ወደን አሳሳነው፤ ልክ እንደዚያች ወረቀት። ነገም ይኖራል ብለን። ለሚወደው ነገር ሁሉ እንዲህ የማይል ማን ነው?

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ባለቤቴ ባረፈችበት ዓመት ልጄና እኔ በአንድ ቤት እየኖርን ቃል ተጠፋፍተን ነበር። የእናቷን ነገር እኔ አላነሣባት፤ እሷ አታነሣብኝ። ታዲያ የመሥሪያ ቤቱን ቅጂ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ረስቼ አደርኩ። ጠዋት ስገልጠው በባዶው ሳጥን ውስጥ እናቷ ቆማለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እንደ ልማዷ መነጽሯን ስትፈልግ።

ሰው ሁሉ ጭራቅ በሚሥልበት ቦታ!

ላጲሱን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

«ልታጠፋት ነው?» አለችኝ ከኋላዬ።

«አላጠፋትም።»

«ደንቡስ?»

«ይግባኝ ተብሎበታል።»

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ስለ እናቷ አወራን፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ፣ ሥራ እስኪረፍድብኝ። ለመዝገብ ቤቱ ምትክ ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ያቺን ገጽ ገልጠን አብረን እንቀመጥ ነበር። «አባዬ፣ ጉጉት ስትከፍተው ማን የሚወጣ ይመስልሃል?» ትለኛለች። «ሠዓሊው ያውቃል» እላታለሁ።

ዛሬ ሠዓሊውን ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ «እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ አየዋለሁ ብዬ ነበር» አለኝ። አልደረሰም። የሚቆጨኝ ይህ ነው። በሩ ሳይከፈት ቀረ። እሱም አላየ፤ እኛም አላየን።

የመጨረሻው እትም ይኸው በእጄ ነው። ዛሬ ጠዋት እርሳሱን ለልጄ ሰጠኋት። እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። እርሳሱን መለሰችልኝ። «ባዶውን ተወው፣ አባዬ። እማዬ የመጣች ቀን ቦታ እንዳታጣ።»

ስለዚህ ሳልሥልበት፣ እንደ ባዶነቱ፣ እዚህ መደርደሪያው ላይ አኖረዋለሁ።

«የጓዳው በር» ሆይ፣ ደህና ሁን። በፍርሃት ሰብስበኸን በፍቅር ታስቀምጠን ነበር። ጉጉት ልጄ፣ ደህና ሁኚ። እጅሽን ከእጀታው አታንሺ።

ክብርት ደራሲ፣ ክቡር ሠዓሊ፣ ስለ ድካማችሁ በአንባብያን ስም ከልብ አመሰግናለሁ። ቀጣዩ ሥራችሁ የሠመረ፣ ዕድሜውም የረዘመ እንዲሆን እመኛለሁ። ያን ቀን ግን፣ ወገኖቼ፣ አደራ፦ ማንም ከማንም አይዋስ።